የጉበት ብግነትና የደም ምርመራው፦ የየቲም ቤተሰቦች ሊያውቁት የሚገባ

(በማኅበሩ የለጋሾችና የአሳዳጊ ቤተሰቦች ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

  

ዛሬ የመረጥነው ርእስ ለዚህ መድረክ እንግዳ ይመስል ይሆናል። በዚህ ጉባኤ የለመድነው ስለ የቲም ገንዘብ አማና፣ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያና ስለ ዒድ ልብስ መነጋገርን ነው። ይሁን እንጂ ቤት ለቤት ስንዘዋወር ደጋግመን የምንሰማው አንድ ቃል አለ። «አባቱ በምን ሞተ?» ብለን ስንጠይቅ «በጉበት» ይሉናል። «ልጁ ከዘመድ ቤት ለምን ወጣ?» ስንል «ጉበት ተገኘበት» ይሉናል። «እናትየዋ ዐረብ አገር ልትሄድ አልነበረም?» ስንል «ጉበት አለብሽ ብለው መለሷት» ይሉናል። በሦስቱም ቤት ቃሉ ይታወቃል፤ ትርጉሙን ግን የሚያውቅ አናገኝም። ካለማወቁም ፍርሃት ይወለዳል፤ ፍርሃቱም ወላጅ በሌለው ልጅ ላይ ይከብዳል።

እኛ መምህራን ነን፤ ሐኪሞች አይደለንም። ስለዚህ የሐኪምን ፍርድ አንሰጥም። የምናደርገው ከሐኪሞች የተማርነውንና በታመኑ የጤና ጽሑፎች ያነበብነውን ቤተሰብ ሊረዳው በሚችል ቋንቋ ማቅረብ ነው።

ጉበትና ሕመሙ

ጉበት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ያለ፣ በአዋቂ ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን የሰውነት ክፍል ነው። ከምግብ የተገኘውን ያሰናዳል፣ መርዝን ያጣራል፣ ሐሞት ያመነጫል፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮችን ይሠራል። የተጠማ ውሻ ያጠጣውን ሰው በሚያወሳው የታወቀ ሐዲሥ ውስጥ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት ያለውን ፍጡር ሁሉ የጠቀሱት በጉበቱ መሆኑን ዑለሞች ያስታውሱናል። ጉበት ርጥብ እስከ ሆነ ድረስ ሕይወት አለ።

ሐኪሞች «ሔፓታይተስ» የሚሉት የጉበትን ብግነት ነው። ቃሉ ጉበቱ መቆጣቱን ይናገራል፤ ምን እንዳስቆጣው ግን አይናገርም። ከሩቅ ጭስ ያየ ሰው እሳት መኖሩን ያውቃል፤ እሳቱን ማን እንደ ለኮሰው ግን ከጭሱ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ «ሔፓታይተስ አለበት» ሲባል ቀጣዩ ጥያቄ «ከምን የመጣ?» የሚል መሆን አለበት።

በአገራችን ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» ይባላል፤ የሌሊት ወፍ በላዩ አልፋበት ነው የሚሉም ብዙዎች ናቸው። በዐረብኛ «የረቃን» የሚባለው ይኸው ምልክት ነው። ቢጫው ቀለም ያረጁ የደም ሴሎች ሲፈርሱ የሚወጣ ቢሊሩቢን የተባለ ነገር ነው። ጉበት ይህን ከሐሞት ጋር ያስወግደዋል፤ ጉበት ሲታመም ግን በደም ውስጥ ይከማቻል። የሐሞት መውረጃ በጠጠር ሲዘጋም፣ በወባ የደም ሴሎች በብዛት ሲፈርሱም ዓይን ቢጫ ይሆናል። ብዙ አራስ ሕፃናትም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢጫ ይሆናሉ። በአንጻሩ ለብዙ ዓመታት የጉበት ብግነት እያለበት ዓይኑ አንድም ቀን ቢጫ ያልሆነ ሰው አለ። በዓይን ማየት የደም ምርመራን አይተካም የምንለው ለዚህ ነው።

መንስኤዎቹ ምን ምን ናቸው?

በመጀመሪያ አምስት ቫይረሶች አሉ፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና ኢ ይባላሉ። ኤ እና ኢ በተበከለ ውኃና ምግብ ይተላለፋሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም በሳምንታት ውስጥ ይለቃሉ። ይሁን እንጂ ኢ ለነፍሰ ጡር እናት፣ በተለይም በመጨረሻዎቹ ወራት፣ እጅግ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በጋምቤላ የስደተኞች መጠለያዎች ወረርሽኙ ተከስቶ ነበር። ጥበቃው ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤትና እጅ መታጠብ ነው።

ቢ እና ሲ በደም ይተላለፋሉ፤ ቢ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅም ይተላለፋል። ዲ ደግሞ ቢ በሌለበት ሰው ላይ ብቻውን አይገኝም። ቢ እና ሲ ለዓመታት በዝምታ ቆይተው ጉበትን ሊያጠነክሩ፣ ወደ ካንሰርም ሊያደርሱ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2022 254 ሚሊዮን ሰዎች ከቢ ጋር፣ 50 ሚሊዮን ሰዎች ከሲ ጋር ይኖሩ ነበር፤ በዚያው ዓመት 1.3 ሚሊዮን ሰዎች በቫይረስ በሚመጣ የጉበት በሽታ ሞተዋል።

ሁለተኛው መንስኤ መድኃኒት ነው። ፓራሲታሞል ከታዘዘው በላይ ሲወሰድ ጉበትን በብርቱ ይጎዳል። አይሶናያዚድን የመሰሉ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶችም በአንዳንድ ሰው ላይ ጉበትን ያስቆጣሉ። እነዚህን የሚወስድ ሰው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ማቅለሽለሽ ከበዛበት ሳይዘገይ ወደ ሐኪሙ ይመለስ፤ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ ሌላ አደጋ አለውና።

ሦስተኛው የምንበላውና የምንጠጣው ነው። አልኮል ጉበት ጎጂ መሆኑ ዓለም የተስማማበት ነው፤ አላህ ከእርሱ ስለ ጠበቀን ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ሌላውን መዘንጋት የለብንም። በሐረር ሆስፒታሎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃም ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ የሚያጋልጥ መሆኑን አመልክቷል። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በአንድ የገጠር ቀበሌ የብዙ ሰዎች ሆድ እያበጠ ሲሞቱ፣ በኋላ የተካሄደው ምርመራ ከእህል ጋር የተቀላቀለ የመርዘኛ አረም ዘርን ዋና ተጠርጣሪ አድርጓል። የሻገተ ለውዝና በቆሎም አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ ይህም ቢ ባለበት ሰው ላይ የጉበት ካንሰርን አደጋ ያባብሳል። ምንነቱና መጠኑ ያልታወቀ የቅጠል መድኃኒት ለታመመ ጉበት መስጠትም በቁስል ላይ ቁስል ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ ሌላ በስኳር በሽታና በውፍረት ምክንያት በጉበት ላይ የሚከማች ስብ አለ። የሰውነት መከላከያ የገዛ ጉበቱን ሲያጠቃም ብግነት ይመጣል። ቢልሃርዚያም ብግነቱ ከቫይረሱ ቢለይም የጉበትን የደም ሥሮች ያውካል። ስለዚህ ቫይረስ አልተገኘም ማለት ጉበቱ ጤነኛ ነው ማለት ላይሆን ይችላል።

የምርመራው ወረቀት ምን ይላል?

ምርመራው ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይመልሳል። አንደኛው «ጉበቱ ተጎድቷልን?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «የጎዳው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ቤተሰቦች ሁለቱን ሲያደባልቁ እናያለን።

ለመጀመሪያው ጥያቄ በወረቀቱ ላይ «ኤ.ኤል.ቲ.» እና «ኤ.ኤስ.ቲ.» ወይም በቀድሞ ስማቸው «ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ.» እና «ኤስ.ጂ.ኦ.ቲ.» የሚባሉ ቁጥሮች አሉ። እነዚህ በጉበት ሴል ውስጥ የሚኖሩ ኢንዛይሞች ናቸው፤ ሴሉ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳሉ። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ጉዳት መኖሩን ያመለክታል፤ የጉዳቱን ምክንያት አይናገርም። ኤ.ኤስ.ቲ. ከጡንቻም ሊመጣ ይችላል። ቁጥሩ ደኅና መሆኑም ቫይረስ የለም ማለት አይደለም፤ ቢ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ኢንዛይማቸው ደኅና ነው። ጉበቱ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ለማወቅ ሐኪሙ አልቡሚንን፣ ቢሊሩቢንንና የደም መርጊያ ጊዜን ያያል፤ መልኩን ለማየትም አልትራሳውንድ ያዛል።

ለሁለተኛው ጥያቄ ዋነኛው «ኤች.ቢ.ኤስ. ኤጂ» የሚባለው ነው። የቫይረሱን የውጭ ሽፋን በደም ውስጥ ይፈልጋል። የዚህን ምልክት መኖር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የደረሱበት ባሩክ ብሉምበርግ በ1976 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል፤ በየዓመቱ ሐምሌ 21 የሚከበረው የዓለም የሔፓታይተስ ቀንም የልደታቸው ቀን ነው። ይህ ምርመራ «ፖዘቲቭ» ከሆነ ቫይረሱ አሁን በሰውነት ውስጥ አለ ማለት ነው። ከስድስት ወር በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ ይባላል።

«አንቲ ኤች.ቢ.ኤስ.» የሚለው ግን ሌላ ነው። እርሱ ሰውነት ያዘጋጀው መከላከያ ነው፤ ከበሽታው የዳነ ወይም የተከተበ ሰው ይኖረዋል። እዚህ ላይ «ፖዘቲቭ» መባል የምስራች ነው። የሁለቱ ስም በመመሳሰሉ ብቻ የተከተበ ልጅ እንደ በሽተኛ ሲታይ አጋጥሞናል። ሦስተኛው «አንቲ ኤች.ቢ.ሲ.» ሰውየው በአንድ ወቅት ቫይረሱ ደርሶበት እንደ ነበር ወይም አሁንም እንዳለበት ያሳያል፤ ክትባት ይህን አያመጣም።

ስለ ሲ ደግሞ «አንቲ ኤች.ሲ.ቪ.» አለ። ይህ ቫይረሱ ዱካ እንደ ተወ ይናገራል፤ አሁን መኖሩን አያረጋግጥም። ከተያዙት መካከል ሲሶ ያህሉ ያለ መድኃኒት ቫይረሱን ያስወግዳሉና። ቫይረሱን ራሱን የሚቆጥር ሁለተኛ ምርመራ ሳይደረግ «ሲ አለብህ» ማለት አይገባም። ከአንድ ዓመት ተኩል በታች ባለ ሕፃን ላይ የሚገኘው መከላከያም ከእናቱ የተላለፈ ሊሆን ይችላል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ቫይረሱ በገባ ማግስት ምርመራው ላያገኘው ይችላል፤ ለሳምንታት፣ በሲ እስከ ሦስት ወር ገደማ መጠበቅ ያስፈልግ ይሆናል። ፈጣን ምርመራ በሁለተኛ ምርመራ ይረጋገጣል። ስለዚህ አንድ ወረቀት ይዞ መደምደም ችኮላ ነው።

በአንድ ቤት የሆነው

በ2015 ዓ.ም. ከምንረዳቸው ቤተሰቦች አንዷ፣ የሦስት የቲሞች እናት፣ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ተመረመረች። ባሏ ሆዱ አብጦ፣ ደም አስታውኮ የሞተ ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሠራተኛ በሚጠይቁት የጤና ምርመራ ውስጥ ሔፓታይተስ ቢ እና ሲ አሉ። የመረመራት ተቋም «ብቁ አይደለችም» የሚል ወረቀት ሰጣት፤ ምን እንደ ተገኘባት፣ ምን ማድረግ እንዳለባት፣ ልጆቿስ መመርመር እንዳለባቸው አንድም ቃል አልነገራትም። ለጉዞው የተበደረችው ገንዘብ ቀረባት፤ ወሬው ግን በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ።

ልጆቹ በአጎታቸው ቤት ነበሩ። የአጎታቸው ሚስት ሳህንና ብርጭቆ ለየች። ታላቁ ልጅ መድረሳ ሲመጣ የራሱን የፕላስቲክ ኩባያ ከቦርሳው ጋር አስሮ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ከሌሎች ልጆች ጋር ከአንድ ጀበና ውዱእ እንዳያደርግም ተነግሮታል። ጁዝ ዐምማን ለመጨረስ ጥቂት ምዕራፎች የቀሩት ልጅ መምጣቱን አቆመ።

የጉብኝት ኮሚቴው እኅቶች እናትየዋንና ልጆቹን ይዘው ወደ ሆስፒታል ሄዱ። እናትየዋና ታላቁ ልጅ ቢ ተገኘባቸው፤ ሁለቱ ታናናሾች ነጻ ሆኑ፤ ክትባቱን ያልጨረሰችው ትንሿ ቀሪውን ተከተበች። የልጁ ኢንዛይሞች ደኅና ነበሩ፤ ሐኪሙ መድኃኒት ሳያዝ በየስድስት ወሩ እንዲታይ ቀጠሮ ሰጠው። እናትየዋ የቫይረስ ቁጥሯ ከፍ ብሎ ስለ ተገኘ መድኃኒት ጀመረች። ከዚያ በኋላ በእናትየዋ ፈቃድ ከነርስ ጋር አጎቱ ቤት ሄድን። ቢ በጋራ ምግብ፣ በብርጭቆ፣ በመጨባበጥ፣ በሳል፣ በውዱእ ውኃ እንደማይተላለፍ ነርሷ አስረዳች። የአጎታቸው ሚስት ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የገዛ ልጆቿን የት ማስመርመር እንደምትችል። ልጁም ወደ መድረሳው ተመለሰ፤ ኩባያውን ግን ለወራት ከቦርሳው አልፈታም። አንድን ልጅ ለማግለል አንድ ቀን ይበቃል፤ መገለሉን ከልቡ ለማውጣት ግን ብዙ ጊዜ ይጠይቃል።

ሕክምናውና መከላከያው

የምስራቹ ብዙ ነው። ሲ ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚወሰድ እንክብል ከ100 ሰዎች ከ95 በላይ የሚሆኑትን ያድናል። በግብፅ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለቢልሃርዚያ ሕክምና በተደጋጋሚ በተጠቀሙበት መርፌ ሲ በሕዝቡ ውስጥ ተስፋፍቶ ነበር፤ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በጀመረው ዘመቻ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎችን መርምሮ በሽታው የተገኘባቸውን አከመ። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ግብፅ በሽታውን ለማጥፋት በሚያደርሰው መንገድ ላይ ከፍተኛውን ደረጃ ማግኘቷን አረጋገጠ። መርፌ ያስፋፋውን በሽታ ምርመራና መድኃኒት መልሰው ሲገቱት አየን።

ቢን ከሰውነት ጨርሶ የሚያወጣ መድኃኒት ገና ባይኖርም፣ ቴኖፎቪር የተባለው እንክብል ቫይረሱን ያዳክመዋል፣ ጉበትንም ይጠብቃል። ሁሉም ሰው ወዲያው አያስፈልገውም፤ ሁሉም ሰው ግን ክትትል ያስፈልገዋል። የጀመረ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አያቋርጥ። ይኸው መድኃኒት ለኤች.አይ.ቪ. ሕክምናም ስለሚውል ብልቃጡን አይተው ሌላ ስም የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ ከግምት እንራቅ።

ከሁሉ የሚበልጠው ክትባት ነው። ቢ በሕፃንነት የያዘው ልጅ ከ100 ዘጠና ያህሉ ሥር ይሰድበታል፤ በአዋቂነት ከያዛቸው ግን ሥር የሚሰድባቸው ከ100 ከ5 ያነሱ ናቸው። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የቢ ክትባት ከሌሎች ጋር ተጣምሮ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። በወሊድ ጊዜ የሚተላለፈውን ለመከላከል ደግሞ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው ክትባት ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር እናት በእርግዝናዋ ትመርመር፤ ከተገኘባትም ልጇን ለመጠበቅ ሐኪሟን ቀድማ ታማክር። ጡት ማጥባትን መተው አያስፈልጋትም።

ከእያንዳንዳችን የሚፈለገው

አንደኛ፦ አሳዳጊዎች ሆይ፣ ወላጁ በጉበት በሽታ የሞተ የቲም በቤታችሁ ካለ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር ይመርመር፤ ነጻ የሆነው ይከተብ። ቢ ላለበት ሰው ሳህን አትለዩ። መለየት ያለባቸው ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽና የጥፍር መቁረጫ ናቸው፤ እነዚህ በጤነኞች መካከልም ሊለዩ ይገባል።

ሁለተኛ፦ ሒጃማ የምታደርጉ፣ የምትገርዙና ጸጉር የምትላጩ ሆይ፣ ለአንድ ሰው የዋለ ምላጭ ለሌላ አይዋል። ሒጃማ ሱንና ነው፤ የሰውን ደም ወደ ሌላ ሰው ማሸጋገር ግን ጉዳት ነው፤ ሸሪዓችንም ሌላውን መጉዳትን ከልክሏል። ለሐጅና ለዑምራ የምትሄዱም ስትላጩ አዲስ ምላጭ ጠይቁ። ለቢጫ ዓይን በጋለ ብረት መተኮስ ደግሞ ጉበቱን ሳያድን ቁስል ይጨምራል።

ሦስተኛ፦ ለጋሾች ሆይ፣ የአንድ የቲም ወርኃዊ ድጋፍ ሲሰላ የምርመራና የመጓጓዣ ወጪ ይታሰብ። የስድስት ወሩ ቀጠሮ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ በመኪና ሒሳብ ምክንያት ነው።

አራተኛ፦ የልጁ ውጤት አማና ነው። ለካፊሎች በምንልከው ሪፖርት ላይ የማንንም ልጅ የምርመራ ውጤት አንጽፍም፤ ካፊሎችም እንዳትጠይቁን አደራ እንላለን። ለአቅመ ጋብቻ የደረሰ ግን ለሚያገባው ሰው እውነቱን ይንገር፤ በኒካሕ መደበቅ ማጭበርበር ነውና። የትዳር ጓደኛው ከተከተበና መከላከያው መኖሩ ከተረጋገጠ ቢ ጋብቻን የሚከለክል አይደለም።

አምስተኛ፦ ደም የሚያስታውክ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ሆዱ ያበጠ፣ ንግግሩ የተምታታ ወይም ነፍሰ ጡር ሆና ዓይኗ ቢጫ የሆነ ሰው ካለ ያንኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። የረመዷን ጾምን በተመለከተ የታመመ ሰው ሐኪሙንና ዓሊሙን ያማክር፤ አላህ ለታመመ ሰው ያገራውን ማንም አያጥብቀው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሽታን ያወረደ ጌታ መድኃኒቱንም ማውረዱን አስተምረው እንድንታከም አዘዋል። የየቲም አሳዳጊም በጀነት የእርሳቸው ጎረቤት እንደሚሆን በሁለት ጣቶቻቸው አሳይተዋል። ለየቲሙ ከሰጠነው እንጀራና ደብተር ጋር ይህን ዕውቀት እንጨምርለት፤ ከመዓዳችን ዙሪያም ቦታ እንስጠው።

አላህ የታመሙትን ይፈውስልን፣ የሞቱትን ይማርልን፣ የቲሞቻችንን በእዝነቱ ይጠብቅልን። አሚን።